ክረምትና የከተማ ልጅ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ

የአገራችንን የታሪክ መጻሕፍት የገለጠ ሰው የነገሥታቱን ዘመቻ፣ የመኳንንቱን ሹመትና የአብያተ ክርስቲያናቱን አተካከል በሰፊው ተጽፎ ያገኛል። ስለ ልጆች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ልጆች ከትምህርትና ከሥራ በተረፈች ሰዓታቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበረ የሚናገረውማ ከጥቂትም ያነሰ ነው። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ ልጅ ታሪክ አይጽፍም፤ ታሪክ ጸሓፊውም ብዕሩን የሚያነሣው ልጅነቱን ከረሳ በኋላ ነው። ሆኖም አንድ ሕዝብ ልጆቹን በዕረፍታቸው ጊዜ ወዴት እንደሚልካቸውና በምን እንደሚያውላቸው መመርመር የሚያስተምረው ነገር አለ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ክረምት ዕረፍት፣ ይልቁንም ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የወጡ ቤተ ሰቦች በከተማ የወለዷቸው ልጆች ክረምቱን እንዴት ያሳልፉት እንደ ነበረና ዛሬ እንዴት እንደሚያሳልፉት ጥቂት እንናገራለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው ክረምት ከጥንት ጀምሮ የተማሪ ዕረፍት የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደል የሚቈጥረውና ዳዊት የሚደግመው ሕፃን ትምህርት ተዘጋ የሚባልበት የታወቀ ወር አልነበረውም። የሚያርፈው በሰንበትና በበዓላት ቀን ነበር። ከዚህም ሌላ አባቱ ለእርሻ ወይም ለከብት ጥበቃ የፈለገው እንደ ሆነ ከመምህሩ ዘንድ ያስቀረዋል፤ ሥራው ሲላላም ይመልሰዋል። እንግዲህ የልጁን ጊዜ የሚከፍለው እርሻው ነበር፤ የተማሪ ቤት ደወል ገና አልመጣም።

መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ከጥንት ጀምሮ በሦስት የተከፈለ ደጋ ነው። ለሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ መነሻ የሆኑት ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል የተነሡት ከዚሁ አገር፣ ከአጋንቻ ነው። ግሼ ከመንዝ በስተ ሰሜን ይገኛል፤ መርሐ ቤቴ ደግሞ የጀማና የወንጪት ወንዞች ጥልቅ ሸለቆ ቈርጠው ያስቀሩት አገር ነው፤ አንዱ ወገኑ ደጋ፣ አንዱ ወገኑ ቈላ ይሆናል። ከሁሉ የሚበርደው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር ነው። ይህን ምድር የመንዝ ባላገር ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች ተመርጠው ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፤ ጊዜው ሲደርስም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ይከፍቱታል። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ጸንቶ ቈይቷል።

በዚህ ደጋ የሚያድግ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው በግ ይከተላል፤ ቀጥሎ ላምና በሬ ይጠብቃል፤ ጕልበቱ ሲጠና ዕርፍ ይጨብጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ ገብሱን ከጭላዳ መንጋ ሲጠብቅ ይውላል። ይህን የሚያየው እንግዳ ልጁ ሥራ ላይ ነው ወይስ ጨዋታ ላይ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይቸግረዋል። ወንጭፍ መወርወር ሥራም ጨዋታም ነውና። እረኛው መሬት ቈፍሮ በጠጠር ገበጣ ይጫወታል፤ ከባልንጀራው ጋራ ይታገላል፤ በጎቹ ወደ ማሳ የገቡ እንደ ሆነ ደግሞ ጨዋታውን ጥሎ ይሮጣል። ወራቱም የየራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። ለገና ከጫካ የተቈለመመ ዱላ ይቈረጣል፤ በሜዳውም ባለጌውና ጌታው እኩል ተጋፍተው ይጫወታሉ፤ በዚያን ቀን የተመታ ጌታ እንዳይቈጣ ልማዱ ያስገድደዋል። ለቡሄ ጅራፍ ይገመዳል። ሌሊቱ የእሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ነው። ብቻ አንድ ነገር አለ፤ በዓል ለሰው እንጂ ለከብት ስለማይውል እረኛ ሙሉ ቀን ያረፈበት ጊዜ ጥቂት ነበር።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን ማስተማር ጀመሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። የኢጣልያ ወረራ ሥራውን ለ5 ዓመት ካቋረጠው በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ ትምህርት ቤቶች ከዋናው ከተማ ወደ አውራጃዎቹ እየተስፋፉ ሄዱ። ከእነዚህም ጋራ አዲስ ነገር መጣ፤ ይኸውም በመስከረም የሚጀምርና በሰኔ የሚፈጸም የትምህርት ዓመት ነው። ለልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ወር ተኩል የሚያህል ጊዜ፣ አንተ አሁን ነጻ ነህ ተብሎ በእጁ ተሰጠው።

ዕረፍቱ ለምን በክረምት ሆነ ቢባል አገሩን የሚያውቅ ሰው ለመልሱ አይቸገርም። የአገራችን መንገድ በክረምት ይበላሻል፤ ወንዙ ይሞላል። ጀማና ወንጪት በሞሉ ጊዜ የመርሐ ቤቴ ሰው ከጎረቤቱ አገር ተለይቶ መክረሙ የታወቀ ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መምህርም ተማሪም ወንዝ ይበላቸው ነበር። ደግሞም (ይህን የምንለው ከቀልድ ጋራ ነው) የሐምሌ ዝናብ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ በሚደበድብበት ሰዓት መምህሩ የቱን ያህል ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ከሁሉም በላይ ግን ክረምት የእርሻ ወራት ስለ ሆነ ወላጅ ልጁን ይፈልገዋል። በመንዝና በግሼ ደጋ ይህ ጕዳይ ከሌላው አገር የበለጠ ይበረታል፤ ምክንያቱም የበልግ ዝናብ ስላለ በጥርና በመጋቢት መካከል የተዘራው ገብስ የሚታጨደው ልክ ተማሪ ቤት በሚዘጋበት በሰኔና በሐምሌ ነው። በስተኋላው የክረምቱ አረም ይከተላል። እንዲህ ስለ ሆነ ዕረፍት የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ዕረፍት ይባል እንጂ በመንዝ ገበሬ ቤት ትርጕሙ ልጄ ለሥራ መጣልኝ ማለት ነበር።

በመንዝ የመጀመሪያዎቹ የከተማ ልጆች ተብለው የተጠሩት፣ ነገሩ ያስገርማል እንጂ፣ በከተማ የተወለዱ አልነበሩም። ከዚያው ከገጠር ወጥተው ወደ ከተማ ለትምህርት የሄዱ ነበሩ። አንደኛ ደረጃውን በአቅራቢያው የጨረሰ ልጅ ከ8ኛ ክፍል በላይ ለመማር ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ግድ የሆነበት ዘመን ረዥም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስንቱን የመንዝና የተጕለት ልጅ እንዳስተናገደ የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው የለም። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ በሶ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ከአገር ይላክላቸዋል፤ ስንቁ ባለቀ ጊዜ በባዶ ሆድ ያጠናሉ። ሰኔ ሲፈጸም ደብተራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ፣ ገንዘብ ያለው በጭነት መኪና፣ የሌለው በእግሩ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ ይያያዘዋል።

እነዚህ ተማሪዎች በክረምት ያደርጉት ከነበረው ሥራ ውስጥ በመጻሕፍት ሊመዘገብ ሲገባ ያልተመዘገበ አንድ አለ። የመንደሩ አንባቢዎች ነበሩ። በዚያን ዘመን በገጠር ቄሱና ደብተራው ቢያነቡም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር ውሳኔና ከወታደር ልጅ የመጣ ደብዳቤ ከተማሪው ፊት ይቀርብ ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን ከኵታው ጫፍ ፈትቶ ያወጣል፤ ልጁም ከአረሙ ማሳ ተጠርቶ፣ እጁን በቀሚሱ ጠርጎ ያነብለታል። መልሱንም ይጽፋል። የ14 ዓመት ልጅ የጎረቤቱን ምስጢር፣ ዕዳና ጠብ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አውቆም ዝም ይል ነበር። ለዚህ የሚከፈለው አንድ ሁለት ዕንቍላል ወይም ምርቃት ነው። ትምህርት ለገበሬው ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ስብከት ይልቅ የመለሰው ይህ የክረምት ንባብ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ነገሩ ሁሉ ግን ምርቃት አልነበረም። ተማሪው እጁ ስለ ለሰለሰ ይቀለድበታል፤ ጫማ ያደረገ እንደ ሆነ ጭቃው ይፈርድበታል። እሱም በበኩሉ የእናቱን ቤት ጢስ መጥላት ይጀምራል። ከአሜሪካ መጥቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝን ያጠናው ዶናልድ ሌቪን፣ በአገራችን ሰዎች አፍ ጋሽ ሊበን የተባለው ሊቅ፣ ሰምና ወርቅ ብሎ በሰየመው መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ኑሮና የዘመናዊ ተማሪዎችን ሐሳብ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን ማኖሩ በከንቱ አይደለም። የሁለቱ ርቀት የታየው በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል ነበርና። ክረምት ሁለቱ የሚገናኙባት ወር ነበረች። ደራሲው ከበደ ሚካኤልም በ1909 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በመንዝ መሆኑን ስናስብ፣ ታሪክና ምሳሌ የተባለው መጽሐፋቸው በተማሪው ደብተር መካከል ሆኖ ከከተማ ወደ ተነሡበት አገር በየክረምቱ ይመለስ እንደ ነበረ እናስተውላለን።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ በከተማ የተወለደው ነው። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ የወጣው ሰው በአዲስ አበባ ወታደር፣ ፖሊስ፣ ዘበኛ፣ ጸሓፊ፣ ነጋዴና የቤት ሠራተኛ ሆኖ ልጅ ወለደ። ልጁ ፊደልን በከተማ ቈጠረ፤ በግ የሚያውቀው በበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ ነው። እንዲህ ያለው አባት ክረምት ሲመጣ ልጁን ወደ አያቶቹ መላክ ግዴታ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ነበሩ። በከተማ የሁለት ወር ቀለብ መቈጠቡ አንዱ ነው፤ ይህን ግን ማንም ጮኾ አይናገረውም። ሁለተኛው ልጁ ዘመዱን እንዲያውቅ ነው፤ ርስት በዘር ቈጠራ በሚገኝበት አገር ልጅን ለዘመድ ማሳየት የጨዋታ ነገር አልነበረም፤ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ሰባት ቤት መቍጠር ያልቻለ ሰው መሬት መጠየቅ ይቸግረው ነበርና። እንግዲህ ያ ልጅ በአያቱ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የቅድመ አያቶቹን ስም ሲያጠና፣ ሳያውቀው የርስት ማስረጃውን ያጠና ነበር።

ጕዞው ራሱ ትምህርት ነበረ። መኪናው ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ኢጣልያኖች ከበሱት ዋሻ አጠገብ ጉሙ ምድሩን ይሸፍነዋል፤ የመንዙ መንገድ ከዚያ ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ያለው ደግሞ የእግር ነው። አያት ልጁን ስማ ስታበቃ የመጀመሪያ ቃሏ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የኔ ጌታ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ፤ ከተማ እህል የለም እንዴ?» ትላለች። ከዚያ የገብስ ቆሎ፣ አይብና እርጎ ይቀርብለታል። ለሦስት ቀን እንግዳ ነው። በአራተኛው ቀን ዱላ ይሰጠውና ከአጎቱ ልጆች ጋራ በግ ጥበቃ ይሰማራል።

በዚያ የሚማረው በደብተር የሚጻፍ አይደለም። ጉም ሲወርድ በጎችን እንዴት አሰባስቦ መጠበቅ እንደሚገባ፣ የትኛው ደመና በረዶ እንደያዘ፣ የማን ማሳ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ጭላዳ ከገደል ወጥቶ ወደ ገብሱ ሲገባ እንዴት በጩኸትና በወንጭፍ እንደሚባረር ያያል፤ መጀመሪያ የወነጨፈው ድንጋይም ከጭላዳው ይልቅ ለጎኑ ለቆመው ሰው ያሰጋል። ወደ ጓሳ የዘለቀ እንደ ሆነ ቀይ ቀበሮን ያያል፤ ይህ አውሬ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ መሆኑን ግን የሚነግረው የከተማ መምህሩ ነው እንጂ እረኛው አይደለም። ለእረኛው ቀበሮ ቀበሮ ነው። በአንጻሩም የከተማው ልጅ ለዘመዶቹ የሚከፍለው ብድር አለው፤ ስለ ሲኒማ፣ ስለ እግር ኳስ ቡድን፣ በ1957 ዓ.ም. ስለ ተከፈተው ቴሌቪዥን ያወራላቸዋል። አባባ ተስፋዬ የተባሉት ተስፋዬ ሣህሉ በልጆች ጊዜ ተረት ሲያወሩ፣ የከተማ ልጅ በመስተዋት ሣጥን የሚሰማውን ዓይነት ተረት የመንዝ ልጅ በእሳት ዳር ከአያቱ ይሰማው ነበር። በክረምት ሁለቱ ተገናኝተው ተረቶቻቸውን ሲያስተያዩ የትኛው ይበልጣል ብለው መከራከራቸው አይቀርም።

ነሐሴ ሲገባ ጾመ ፍልሰታ ነው። ልጆችም ይጾማሉ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ መታገሥ ለከተማው ልጅ ከባድ ነው፤ ከአጎቱ ልጆች ማነስ ስለማይፈልግ ግን ይጾማል። በ13ኛው ቀን ቡሄ ይውላል። በመንዝ ደጋ የቡሄ ጅራፍ ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ ይመልሳል፤ ማታ ችቦ ይበራል፤ ሙልሙል ይታደላል። በአዲስ አበባ ቡሄ መልኩ ሌላ ነው። በዚያ ልጆች ከበር በር እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ቀድሞ ሙልሙል ይቀበሉ የነበሩት ከጊዜ በኋላ ሳንቲም፣ ቀጥሎም ብር መቀበል ጀመሩ። ይህ ለውጥ ብዙ ሽማግሌዎችን ያሳዝናል። እኛ ግን ልጆቹን ብቻ መውቀስ ፍርድ ያጎድላል እንላለን፤ ሙልሙል የሚጋገርበት ቤት ሲጠፋ ልጅ ምን ይቀበል?

ሁሉ ደስታ ነበር ብሎ መጻፍም ሐሰት ይሆናል። ቍንጫው አለ፤ ብርዱ አለ። በመርሐ ቤቴ ቈላ ወገን የወባ ትንኝ ስላለ የደጋና የከተማ ልጅ ታሞ የተመለሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሴቶች ልጆች ነገር ነው። ወንድሟ በግ ሲጠብቅ ለጨዋታ ሰዓት ይተርፈዋል፤ እሷ ግን ውኃ ትቀዳለች፤ ጥጥ ወይም የበግ ጠጕር ትፈትላለች፤ ወፍጮ ባልነበረበት መንደር ትፈጫለች። በዚያም ላይ ሴት ልጅን በልጅነቷ የመዳር ልማድና የጠለፋ ፍርሃት ስለ ነበረ፣ 12ና 13 ዓመት የሞላትን ልጅ በክረምት ወደ አገር መላክ የከተማ እናቶችን እንቅልፍ ይነሣ ነበር። እንዲህም ስለ ሆነ ብዙ ሴቶች ልጆች ክረምቱን በአዲስ አበባ ከማድቤት ሳይወጡ ያሳልፉት ነበር። ስለ ድሮ ክረምት ውበት ሲወራ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ክረምቱን የሚያዝበት ሌላ ጌታ መጣ፤ እርሱም መንግሥት ነው። በእርግጥ መጀመሪያው ከዚያ ይቀድማል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ለአገልግሎት መላክ ጀምሮ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ግን በዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የከተማ ልጅ ወደ ባላገር የሄደው በዚህ ጊዜ የአያቱ እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ዐዋጅ ይዞ ነው። መንዝም በዚያ ወራት መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ ሸፍተውበት ስለ ነበር ሰላም አልነበረውም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ተማሪው ሽማግሌውን ፊደል ያስቈጥር ጀመር። ከዚህ በላይ ስለ መንደሩ አንባቢ የተናገርነውን ያስታወሰ ሰው የነገሩን መዞር ያያል፤ የተማሪው ሥራ ለሽማግሌው ማንበብ መሆኑ ቀርቶ ሽማግሌው ራሱ እንዲያነብ ማድረግ ሆነ። ስለ ዘመቻዎቹ ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነቅፏል፤ ይህ አንዱ ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መንዝና ግሼ ክፉኛ ተጎዱ። እህል በሌለበት ቤት የልጅ ልጅ መላክ አይቻልም፤ ይልቁንም ዘመድ ከገጠር ወደ ከተማ መጣ። የላኪና የተቀባይ ቦታ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ለማለት ይቻላል። አያቶች አለፉ፤ አጎቶች ወደ ከተማ ገቡ፤ የአዲስ አበባ ልጅም ሀገሬ የሚለው የተወለደበትን ሰፈር ሆነ። መንገዱ ከቀድሞው ሲሻል ተጓዡ ልጅ ማነሱ ከታሪክ ምጸቶች አንዱ ነው። አባቶቻችን በእግርና በጭነት መኪና የሄዱበትን አገር ዛሬ አውቶቡስ በአንድ ቀን ያደርሳል።

ዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ ክረምቱን በምን ያሳልፋል? ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁን የክረምት ትምህርት ያስመዘግበዋል፤ በሰኔ የተዘጋው ክፍል በሐምሌ በሌላ ስም ይከፈታል፤ ልጁ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይደግማል። አንዳንዱ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ይገባል። ትልልቆቹ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአረጋውያንን ቤት ሲጠግኑና ችግኝ ሲተክሉ ይታያሉ፤ ይህ መልካም ነው። የቀረው በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ይውላል። ቀድሞ የጨርቅ ኳስ፣ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞና ሌባና ፖሊስ ይጫወትበት የነበረው የሰፈር ሜዳ ቤት ተሠርቶበታልና ወዴት ይውጣ? ወላጆች ልጆቻችን ከቤት አይወጡም ብለው ሲያማርሩ እንሰማለን፤ የሚወጡበትን ቦታ ማን እንደ ወሰደው ግን ሲጠይቁ አንሰማም። የክረምት ትምህርቱንም ቢሆን ጨርሶ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን 10 ወር በክፍል የተቀመጠን ሕፃን 11ኛውንና 12ኛውንም ወር በክፍል ማስቀመጥ ትምህርት ማብዛት ነው ወይስ ልጅነትን ማሳነስ የሚለው በወላጆችና በመምህራን ዘንድ ደኅና አድርጎ ሊመከርበት የሚገባ ነው።

በዚሁ ጊዜ ተቃራኒው ጕዞ መኖሩን መርሳት አይገባም። ከመርሐ ቤቴና ከመንዝ ገጠር ትምህርት ሲዘጋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጡ ልጆች አሉ። ሊስትሮ ይሠራሉ፤ ዕቃ ይሸከማሉ፤ የመስከረምን ደብተርና ልብስ መግዣ ይዘው ለመመለስ ነው። ጫማውን የሚያስጠርገው የከተማ ሰው የልጁን አገር ጠይቆ የራሱ አባት አገር ሆኖ ያገኘዋል። በአንድ ወር ውስጥ የአንዱ አገር ልጆች፣ አንዱ በሶፋ ላይ፣ አንዱ በሣጥን ላይ ተቀምጠው ክረምቱን ይገፉታል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ያልተፈለገ ዕረፍት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው ልጆች ከግማሽ ዓመት በላይ ከክፍል ተለዩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደርሶ ሕዝቡ ከቤቱ ተሰደደ። ይህ ካለፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በብዙ ወረዳዎች ደወል አልተደወለም። በሰኔ የተዘጋው ትምህርት ቤት በመስከረም ያልተከፈተለት ልጅ ክረምቱ የት ላይ እንዳለቀ አያውቅም። በአዲስ አበባ ያለው ወላጅም ልጄን ወደ አያቱ ልላከው የሚለውን ሐሳብ እንኳ ከአፉ ማውጣት ተወ። ዕረፍት ዕረፍት የሚሆነው መመለሻ ቀን ያለው እንደ ሆነ ነው፤ መመለሻ ቀን የሌለውን ሌላ ስም እንፈልግለት።

ከመንዝ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ዛሬ የራሳቸው የከተማ ልጆች አሏቸው። ድሮ ለትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ይሄድ የነበረው የመሐል ሜዳ ልጅ ዛሬ በተወለደበት ከተማ ይማራል። ይህ ልጅ በኑሮው ሁለቱን ይዟል። ማለዳ ከከተማው ዳር ባለው መስክ የአባቱን በጎች ያሰማራል፤ ከሰዓት በኋላ ጆተኒና ፑል ወዳለበት ቤት ጎራ ይላል፤ ማታ ደግሞ የእንግሊዝ እግር ኳስ ለማየት ከታላላቆቹ ጋራ ይጋፋል። የወንጭፍ አያያዝም፣ የስልክ አያያዝም ያውቃል። የመንደሩን ወረቀት የሚያነብ አንባቢ ዛሬ ባያስፈልግም፣ አያቱ በአዲስ አበባ ካሉት የልጅ ልጆቿ ጋራ በስልክ የምትነጋገረው እርሱ ቍጥሩን ሲመታላት ነው።

በቡሄ ዋዜማ እነዚህ አያቶች አሁንም ሙልሙሉን የሚጋግሩት በልጅ ልጆቻቸው ቍጥር ነው፤ በከተማ ያሉትንም ቈጥረው። ያልመጡትን ልጆች ድርሻ በማግስቱ ጠዋት ጅራፍ ይዘው በደጃቸው ለሚያልፉ እረኞች ይሰጡታል።